እንዳትቀሩብኝ

መክሊት የጻፈችው አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። ወይንእሸት አዲስ የመጣ ብርድ ልብስ አቅፋ፣ ጉንጯን አስደግፋበት ፈገግ ያለችበትን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጥፋ፣ ከሥሩ «እኔስ ዘንድሮ ብርድ የሚባል ነገር መኖሩንም ረስቻለሁ» ብላ ነበር። ሰው ሁሉ ላይክ ሲያደርግ፣ ሲስቅ፣ «የት ነው የሚሸጠው?» እያለ ሲጠይቅ ዋለና በመጨረሻ መክሊት መጣች። «ስፓም» ብላ ጽፋ ሄደች።

ወይንእሸት ቃሏን ስታይ ደሟ ፈላ። ሌላ ሰው ጽፎት ቢሆን ኖሮ ስቃ ታልፈው ነበር። ሞጣ ላይ ሴት ልጅ የራሷን ፎቶ ቤት ከፍታ ቀና ብላ ስትሄድ የሚያንገበግበው ሞልቷል፤ እሱን ከቁም ነገርም አትቆጥረው። መክሊት ግን ሌላ ናት። ቢቸና ውስጥ በአንድ ቤት፣ በአንድ ብርድ ልብስ ሥር፣ ያውም ማንም ማስታወቂያ ባልሠራለት ብርድ ልብስ ሥር አብረው ያደጉ ናቸው።

የወይንእሸት እናት የሞተችው ልጅቷ ገና ፊደል ሳትቆጥር ነበር። አባት የሚባልም አልነበራትም። አጥር ለአጥር የሚጎራበቱት እትዬ ይርጋነሽ፣ የመክሊት እናት፣ ከለቅሶው ማግሥት መጥተው ልጅቷን እጇን ይዘው ወደ ቤታቸው ወሰዷት። ማንም አልጠየቃቸው፣ እሳቸውም ለማንም አላስረዱ። ለሁለቱ ልጆች አንድ ዓይነት ቀሚስ እያሰፉ፣ አንዷ ስታጠፋ ሁለቱንም እየቆነጠጡ አሳደጓቸው። መክሊት ተምራ እዚያው ቢቸና ነርስ ሆነች። ወይንእሸት ደግሞ ሞጣ ገብታ ከአንድ ሽማግሌ ፎቶ አንሺ ዘንድ ሙያ ተማረች፤ ሰውዬው ሲያርፉ ቤቱን ተከራይታ የራሷን ስም በሩ ላይ ሰቀለች።

ፎቶ አንሺ ደግሞ ጓደኛ አያጣም። ሙሽራው፣ ሙሽራዋ፣ ሚዜው፣ የሚዜው እህት፣ ሁሉም ፎቶውን ቶሎ ለማየት ብሎ ጓደኝነት ይጠይቃታል። እንዲህ እንዲህ እያለ ፌስቡኳ ከሞጣ እስከ ቢቸና፣ እስከ ጉንደ ወይን ድረስ ያለውን ሰው ሰበሰበ። ይህን ያዩ ነጋዴዎች መምጣት ጀመሩ፤ አንዱ ጫማ ይዞ፣ አንዱ ምንጣፍ፣ አንዱ የልጆች ልብስ። ሁሉም የሚያሳስቧት አንድ ነገር ነበር፤ ማስታወቂያ እንዳይመስል። ማስታወቂያ ከመሰለ ሰው በአውራ ጣቱ ገፋ አድርጎ ያልፈዋል። የወይንእሸት የራሷ ወሬ ከመሰለ ግን ቆሞ ያነባል፣ ይስቃል፣ ሄዶ ይገዛል። ወሬ ማሳመሩን ደግሞ ለእሷ ተዉላት።

በዚህ ሥራዋ አንድም ቀን አፍራ አታውቅም። የማትወደውን ዕቃ አትነካም። ፊት የሚያነጣ ቅባት ያመጣላትን ነጋዴ ከነካርቶኑ ከበር መልሳዋለች። ብርድ ልብሱም ቢሆን በእውነት ይሞቃል፤ ራሷ ለብሳው አድራለች። ታዲያ ምኑ ነው ስፓም? ስልኳን አንሥታ መክሊት ዘንድ ደወለች።

መክሊት ከሥራ እየወጣች ነበር። አልካደችም፣ ይቅርታም አልጠየቀች። ስፓም ማለት ሳይፈልጉት የሚመጣ መልእክት ነው፣ እኔ የምፈልገው አንቺን ነው፣ እንዴት ዋለች ብዬ ስገባ ብርድ ልብስ ይጠብቀኛል፣ አለቻት። ወይንእሸት ደግሞ ስፓም የማያውቁት ሰው የሚልከው ነው፣ እኔ ለማላውቀው ሰው የላክሁት ነገር የለም፣ ሁሉም ወድዶ ፈቅዶ ጓደኛ አድርጊኝ ያለኝ ነው፣ ብላ መለሰች። ገበያ ላይ ጓደኛሽ «እዚያ ሱቅ ጥሩ ዕቃ አለ» ብትልሽ ስፓም ትያታለሽ ወይ ብላም ጠየቀቻት፤ በዚህ እንደረታቻት እርግጠኛ ነበረች።

«ባለ ሱቁ ከፍሎኝ ነው ካለችኝ አልላትም» አለች መክሊት።

ወይንእሸት ስልኩን ልትዘጋ አሰበች። መክሊት ግን ገና አልጨረሰችም ነበር። ሠርጓ ለጥር ተቆርጧል። እናቷ ሠርጉን ማን ይጥራ ሲባሉ ሌላ ስም ሳያነሡ «ወይንእሸት ናታ» ብለዋል።

«እኔ ግን እንጃ» አለች መክሊት፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። «እውነቱን ልንገርሽ፤ አሁን አንቺ ሄደሽ እንዳትቀሩብኝ ብትዪ፣ ሰው ደግሞ ዛሬ ምን ልትሸጥ ነው የመጣችው የሚል ይመስለኛል።»

በዚያ አገር ሠርግ የሚጠራ ሰው እንዲያው አይላክም። ወረቀቱ ታትሞ ቢበተንም እንኳ ከቤቱ ሰው አንዱ በየደጁ እየዞረ፣ የአባወራውንና የእመቤቲቱን ስም ጠርቶ፣ ቀኑን ተናግሮ፣ በመጨረሻ «እንዳትቀሩብኝ» ካላለ ጥሪው ጥሪ አይባልም። እንዲህ ተብሎ የቀረ ሰው ወይ ታሞ ወይ ሐዘን ላይ ሆኖ መሆን አለበት፤ ያለዚያ ቅያሜው ልጅ ለልጅ ይተርፋል። ይህን ቃል በየደጁ የሚያደርሰው ታዲያ ጎረቤት አይደለም፣ የሚያውቁት ሰውም አይደለም። የቤቱ ልጅ ነው። ወይንእሸት ከልጅነቷ ጀምሮ እትዬ ይርጋነሽን «እትዬ» እንጂ «እማዬ» ብላ ጠርታቸው አታውቅም፤ ማንም አልከለከላትም፣ ማንም በይም አላላትም። ጥር ሲመጣ በዚያ ቤት ስም ደጅ ለደጅ መዞር፣ ለእሷ ያንን ሁሉ ዓመት አፏ ላይ የቀረውን ቃል በአደባባይ እንደመናገር ነበር። ማንም ይንሣት፣ መክሊት ግን ይህን ልትነሣት አይገባም ነበር።

ስልኩን ዘጋችና ፎቶ ቤቷ ውስጥ ብቻዋን ቆመች። አለቀሰች፤ ቀጥላ ተናደደች፤ ንዴቱ ይሻላት ነበር። የእኔ ጥሪ አይሰማም አለች? እናያለን።

አቶ ዓለምነህ የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። ይህ ሰው ከከተማው ዳር ባለ ፎቅ ሆቴል ሠርቶ፣ የነቢያት ጾም ከመግባቱ በፊት ባለው እሁድ ሊያስመርቅ ተዘጋጅቷል። ግራጫ ሱፉን ግጥም አድርጎ፣ ወንበር ስባ ብትሰጠውም ሳይቀመጥ፣ ምረቃው ላይ ሰው እንዲሞላለት እንደሚፈልግ ነገራት። እንደ ሌሎቹ እሱም «ማስታወቂያ እንዳይመስል ብቻ» አለ። ወይንእሸት አላስጨረሰችውም። እኔ ከጠራሁ ይመጣሉ፣ አሳብ አይግባህ፣ ብላ ሸኘችው።

የሆቴሉን ፎቶ ራሷ አነሣች፤ ፀሐይ ከመስታወቱ ላይ ዞር እስክትል ጠብቃ፣ አሳምራ። ከዚያ እስከ ዛሬ ለማንም ነጋዴ ያላደረገችውን አደረገች። የሰዎቿን ስም አንድ በአንድ ጻፈች። ከሁሉ በፊት አቶ ሰማውን፣ እሷንና መክሊትን ጨምሮ የቢቸናን ግማሽ ያስተማሩትን ጡረተኛ መምህር፣ «ጋሼ ሰማው» ብላ ጠራች። ቀጥላ መክሊትን፣ «እትዬ ይርጋነሽን ይዘሽ» ብላ። ከዚያ የሠፈሩን ሰው፣ የትምህርት ቤት ጓደኞቿን፣ የጉንደ ወይኖቹን። ሁሉንም ታግ አደረገችና ጻፈች፦ «እሁድ ሞጣ ላይ የአዲስ ቤት ምረቃ አለ። እንዳትቀሩብኝ።»

ላይኩ እንደ ዝናብ ወረደ። «እንኳን ደስ አለሽ» የሚለው በዛ፤ እሷም ነገሬ ሳትል ሁሉንም አመሰገነች። የመክሊትን ስም ፈልጋ አጣችው። በዚህ ጊዜ ስፓም የሚል አልነበረም፤ ይህም ደስ አሰኛት።

እሁድ ረፋዱ ላይ ሆቴሉ ደጅ ሙዚቃ ተከፍቶ፣ ፊኛ ተሰቅሎ፣ አስተናጋጆቹ አዲስ ቀሚሳቸውን ለብሰው ተሰልፈው ነበር። የሞጣ ሰው ገባ ወጣ ይላል። ወይንእሸት ካሜራዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ደረጃው ላይ ቆማ መንገዱን ታያለች። አቧራ ለብሶ፣ ጥሩምባውን እየነፋ አንድ ሚኒባስ መጣ። ከላዩ ላይ በግ ታስሮበታል። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የወረደው ጥቁር ጃንጥላ ነበር፤ ከጃንጥላው ቀጥሎ አቶ ሰማው ወረዱ። ከኋላቸው ነጠላቸውን እያራገፉ እትዬ ይርጋነሽ፣ ቀጥሎ የሠፈሩ ሰው፣ በመጨረሻም መክሊት።

የወይንእሸት ልብ ዘለለ። መጡ። የእኔ ጥሪ ተሰማ። ያን ሁሉ ኮረኮንች፣ ያን ሁሉ አቧራ ችለው መጡ። ከሁሉ በላይ ደግሞ መክሊት ራሷ መጣች። ደረጃውን እየሮጠች ስትወርድ ዓይኗ ከመክሊት ላይ አልተነሣም፤ «ታዲያ ስፓም ነው?» ልትላት አፏ ላይ ደርሶ ነበር።

ዕቃው መውረድ ሲጀምር ግን እግሯ ቀስ አለ። ሁለት ሰው ተሸክሞት በኮባ የተጋገረ ድፎ ዳቦ ወረደ። በጀሪካን ጠላ ወረደ። በነጠላ የተጠቀለለ ማሰሮ ቅቤ ወረደ። ሾፌሩ ጣሪያው ላይ ወጥቶ በጉን ፈታው። ሰው ሆቴል ለማየት ሲሄድ በግ አይጭንም። ይህን የሚያመጡት ልጃቸው፣ ወንድማቸው፣ የራሳቸው ሰው ቤት ሲሠራ ነው።

አቶ ሰማው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ደጃፉ ላይ ቆመው፣ ክፍል ውስጥ በነበረው ድምፃቸው «ቤት ለእንቦሳ» አሉ።

አንዲት አስተናጋጅ ፈጠን ብላ ቀረበችና ለስንት ሰው ጠረጴዛ እንደሚፈልጉ ጠየቀቻቸው። ሌላዋ ዳቦውን አይታ፣ በሩ ላይ ወደተለጠፈው «ምግብና መጠጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው» ወደሚለው ጽሑፍ በአገጯ አመለከተች። አቶ ሰማው አንዷንም አልሰሟትም። ወይንእሸትን እያዩ መልሱን ይጠብቃሉ። ቤት ለእንቦሳ ላለ እንግዳ መልስ የሚሰጠው የቤቱ ባለቤት ነው፤ እስኪመለስለትም እግሩን አያስገባም። ወይንእሸት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች።

«እንቦሳ እሰሩ፣ እንቦሳ እሰሩ፣ ግቡ» አለ ከኋላዋ አቶ ዓለምነህ፣ እጁን ዘርግቶ እየመጣ።

የቢቸና ሰው እርስ በርሱ ተያየ። እትዬ ይርጋነሽ አቶ ዓለምነህን ከጫማው እስከ ፀጉሩ አዩትና ወደ መክሊት ጆሮ ጠጋ ብለው «ሳትነግረኝ አገባች እንዴ? ምነው፣ ትንሽ ገፋ ያለ ነው» አሉ። አቶ ሰማው ግን አልሳቁም።

«የማን ቤት ነው?» ብለው ወይንእሸትን ጠየቋት።

አቶ ዓለምነህ ክንዷን ያዝ አድርጎ ወደ ጎን ወሰዳት። በጉን፣ ጃንጥላውን፣ ድፎውን እያየ ፊቱ በርቷል። ይህን የመሰለ ነገር በገንዘብ አይገኝም አላት። በቪዲዮ ቅረጪው፣ አሁኑኑ ልቀቂው፣ ከቢቸና ድረስ በግ ጎትተው ለሆቴላችን ምረቃ መጡ በዪ፣ የሚገባሽን እኔ አውቃለሁ። ከሙያ አንጻር ሰውዬው አልተሳሳተም። ወይንእሸትም ይህን ታውቃለች፤ ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ በዕድሜዋ አይገጥማትም። እጇም እንደ ልማዱ ቀድሟት ካሜራውን አነሣ።

በካሜራው መስታወት ውስጥ እትዬ ይርጋነሽ ታዩዋት። ካሜራው ሲዞር አይተው ነጠላቸውን አስተካክለዋል፤ ቀጥ ብለው ቆመው ፈገግ ብለዋል። ወይንእሸት ብዙ ፊት አንሥታለች። የሙሽራ እናት ፊት እንዴት እንደሆነ ታውቃለች። እትዬ ይርጋነሽ የቆሙት እንደዚያ ነበር፤ የልጃቸው ቤት ደጃፍ ላይ እንደቆሙ። አንዲት ጣት ብትጫን ያ ፊት ለአቶ ዓለምነህ ሆቴል ይሸጣል።

ካሜራውን አወረደች። ወደ ደጃፉ ተመለሰችና ከእትዬ ይርጋነሽ ፊት ቆመች። ፈርታ ነበር፤ ግን ጎንበስ አላለችም፣ ድምፅዋንም አልዋጠችም።

«የአቶ ዓለምነህ ቤት ነው» አለች። «የእኔ አይደለም። ድርሻም የለኝ። ሰው ጥሪልኝ ብሎ ከፍሎኝ ነው የጠራኋችሁ።»

ሙዚቃው ይጮኻል። እትዬ ይርጋነሽ ደረጃው ላይ ተቀመጡ፤ የደከማቸው ገና አሁን ይመስል ነበር። በጉ ከኋላ ጮኸ።

መጀመሪያ የተናገረችው መክሊት ናት። ጥሪውን እንዳየች ለእናቷ ይህም እንደ ብርድ ልብሱ ነው፣ ተዪው፣ ብላቸው ነበር። እናቷ ግን ጠየቋት፤ በስማችን ጠርታናለች? ጠርታናለች። እንዳትቀሩብኝ ብላለች? ብላለች።

«ከዚያ እማዬ ምን እንዳለች ታውቂያለሽ?» አለች መክሊት። «ወይንእሸት በሰው ድግስ ሰው አትጠራም፤ እኔ ነኝ ያሳደግኋት አለች።»

ወይንእሸት ስድብ ጠብቃ ነበር። ስድብ ቢሆን ትችለው ነበር፤ መልስም አታጣለትም። ይህ ግን ከስድብ ባሰባት። እንባዋ ሲመጣ አልደበቀችውም።

አቶ ሰማው ባርኔጣቸውን መልሰው አደረጉ። «እኛ እኮ ሆቴሉን አናውቀውም» አሉ። «ሰውየውንም አናውቀውም፤ ክፉ ሰውም አይመስል፣ ቤቱን ይባርክለት። የመጣነው ያንቺን ስም አይተን ነው። አሁን የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው ልጄ፤ ሌላ ቀን ስትጠሪን፣ የትኛው እንደሆነ በምን እናውቃለን?»

እትዬ ይርጋነሽ ከተቀመጡበት ሆነው ወደ ላይ አዩዋት።

«አንቺስ?» አሉ። «የራስሽ ቤት የለሽም?»

«አለኝ» አለች ወይንእሸት፣ እንባዋን በመዳፏ ጠርጋ። «ጠባብ ናት። ፎቶ ቤት ናት።»

«ታዲያ እዚህ ምን ያቆመናል?» ብለው እጃቸውን ዘረጉላት፤ ደግፋ አስነሣቻቸው።

አቶ ዓለምነህ ከኋላ እየተከተለ ውላቸውን አስታወሳት። እሷም ዞራ፣ የተቀበለችውን ነገ እንደምትመልስለት ነገረችው። ሆቴልህ ጥሩ ነው፣ ሰው አታጣም፣ እነዚህ ግን የእኔ ሰዎች ናቸው፣ አለችው። በማግሥቱም እንዳለችው መለሰችለት።

በጉ እንደገና ሚኒባሱ ላይ ወጣ። ከተማውን አቋርጠው ፎቶ ቤቱ ደጅ ሲደርሱ ወይንእሸት ቀድማ ወርዳ ቁልፏን አዞረች፤ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ መሐሉ ላይ ቆመች። አቶ ሰማው ባርኔጣቸውን ሁለተኛ አወለቁ።

«ቤት ለእንቦሳ።»

«እንቦሳ እሰሩ ጋሼ» አለች ወይንእሸት፤ ድምፅዋ መንገዱ ማዶ ድረስ ተሰማ። «ግቡ፣ ቤታችሁ ነው።»

ወንዶቹ ጓሮ ገብተው በጉን አረዱ። ወይንእሸት ጎረቤት ዘንድ ሮጣ ድስትና ከሰል ለመነች። ሰዉ ውስጥ ሲገባ ወንበሩ አልበቃ ስላለ ገሚሱ ሙሽሮች በሚነሡበት መድረክ ላይ ተቀመጠ፤ ከኋላቸው ባሕርና ዘንባባ የተሳለበት መጋረጃ ተሰቅሏል። አቶ ሰማው ከባሕሩ ዳር ተቀምጠው ዳቦውን ባረኩ። ሳቅ የጀመረው ያኔ ነው። አንዱ ጫማውን ላውልቅ ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ውኃው እንዳያርሰው። እትዬ ይርጋነሽም ሳቁ፤ ሲስቁ ዓይናቸው ረጥቦ ነበር።

መክሊት ጓሮ መጥታ ሽንኩርት የምትከትፈው ወይንእሸት አጠገብ ተቀመጠችና ሌላ ቢላዋ አነሣች። ጎን ለጎን ከተፉ። ወይንእሸት ግትር ናት፤ የተሸነፈች ዕለት እንኳ አንድ ነገር ሳታስቀር አትሸነፍም።

«ስፓም ግን አልነበረም» አለች።

«አልነበረም» አለች መክሊት። «ስፓም ቢሆን ማን በግ ጭኖ ይመጣል?»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ሲያበቃ ወይንእሸት ነገሩ ገባት፤ ገብቷትም አመማት። ስፓምን ማንም አያምነውም፤ ጣቱን ገፋ አድርጎ ያልፈዋል፤ ጉዳቱም የጣት ድካም ነው። እሷን ግን አምነዋታል። ነጋዴዎቹ የከፈሏት ለፎቶዋ አልነበረም፣ ለወሬዋም አልነበረም። እትዬ ይርጋነሽ በልጃቸው ላይ ያላቸውን እምነት ነበር የሚገዙት፤ እሷም የራሷ ያልሆነውን ሸጠች። መክሊት ስፓም ያለቻት አሳንሳ ኖሯል።

«ሠርጉን ለሌላ ስጪው» አለች፣ ሽንኩርቱን እያየች። «እውነትሽን ነው። አልቀየምሽም።»

መክሊት መልስ ሳትሰጥ ድምፅ ከበሩ መጣ። እትዬ ይርጋነሽ ሰሃን ፍለጋ ወጥተው ኖሯል።

«ለማን ነው የምትሰጠው?» አሉ። «ጠሪ ማለት ቢጠራ ሰው የሚመጣለት አይደለም እንዴ? የዚህችኛዋን ጥሪ እኔ በጎድኔ አይቼዋለሁ፤ ያ ሚኒባስ ሲያንገጫግጨኝ ነው የዋለው። ትጥራ።» ከዚያ ወደ ወይንእሸት ዞሩ፤ ፈገግታቸው የለም። «በእግርሽ ግን ትሄጃለሽ። በየደጁ ቆመሽ የሚሉሽን ሁሉ ትሰሚያለሽ።»

እንግዶቹ ተሸኝተው ሲሄዱ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወይንእሸት ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ጻፈች። «የዛሬው ጥሪ የእኔ አልነበረም። ተከፍሎኝ ነው የጠራኋችሁ፤ እንዳትቀሩብኝ ማለት አልነበረብኝም። ከእንግዲህ የተከፈለኝን ከላዩ ላይ ተከፍሎኛል ብዬ እጽፋለሁ፤ ማንበብ ያልፈለገ ይለፈው። በስማችሁ ስጠራችሁ ግን የራሴ ነው።» እንዳለችውም አደረገች። ነጋዴ ሁሉ አልወደደላትም፤ ገሚሱ ቀረ፣ ገሚሱ ተመለሰ። በቀጣዩ ጊዜ «ተከፍሎኛል» ብላ ጫማ ስትለጥፍ መክሊት «ሠላሳ ስምንት ቁጥር አለ?» ብላ ጻፈችላት።

ጥር ሲቃረብ ወይንእሸት ፎቶ ቤቷን ዘግታ ቢቸና ወረደች። ነጠላዋን ለብሳ፣ ካሜራዋን ቤት ትታ ደጅ ለደጅ ዞረች። እትዬ ይርጋነሽ እንዳሉት ሁሉም የድርሻውን አላት። አንዷ «የዛሬውስ ብርድ ልብስ አለበት?» ብላ ሳቀችባት። አንዱ የበግ ዋጋ መወደዱን አነሣ። አንዲት ባልቴት ደግሞ ሳይስቁ «እውነት የመክሊት ሠርግ ነው?» ብለው ጠየቋት፤ ይሄኛው ከሁሉ በለጠባት። ለሁሉም ቆማ መለሰች። አልተቆጣችም፣ አልተሽኮረመመችም። ስማቸውን ጠራች፣ ቀኑን ነገረች፣ እንዳትቀሩብኝ አለች።

በመጨረሻ አቶ ሰማው ደጅ ደረሰች። በረንዳቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ያነቡ ነበር። ተነሥተው ተቀበሏት፤ ተቀመጪ ቢሏትም ጠሪ አይቀመጥምና ቆማ ስማቸውንና የባለቤታቸውን ስም ጠራች፣ ቀኑን ተናገረች፣ «እንዳትቀሩብኝ» አለች።

አቶ ሰማው መነጽራቸውን አወለቁ። ረጋ ብለው አዩዋት።

«የማን ቤት ነው?» አሉ።

ያን ዕለት ሆቴሉ ደጃፍ ላይም የጠየቋት ይህንኑ ነበር፤ የዚያን ጊዜ መልሷ «የእኔ አይደለም» ነበር። አሁን ለማሰብ እንኳ አልቆመችም።

«የእኛ ቤት ነው ጋሼ» አለች። «የእናቴ ቤት።»

አቶ ሰማው ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ውስጥ፣ ወደ ባለቤታቸው ዞሩ።

«ለዚያ ቀን ሌላ ነገር እንዳትይዢ» አሏቸው። «ተጠርተናል።»